ዐሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ቤት

በራሊ ስፖርት ዓለም ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። አንደኛው የመኪና ሠሪው ኩባንያ መዝገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው መሪውን ጨብጦ በጭቃ፣ በበረዶና በአቧራ ውስጥ የሚያልፈው የነጂው መዝገብ ነው። ድሉ የአንድ ቀን፣ ዋንጫውም የአንድ መድረክ ስለ ሆነ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ይመስላሉ። ዘመኑ ሲረዝምና ሒሳቡ ሲተሳሰብ ግን ልዩነታቸው ይገለጣል። ይህን ልዩነት እንደ ፊንላንዳዊው ማርኩ አሌን አድርጎ የቀመሰ ነጂ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አሌን ከ1974 እስከ 1989 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለፊያትና ለላንቺያ፣ ይኸውም ለአንድ የቶሪኖ ቤት፣ ነድቶ 19 የዓለም ሻምፒዮና ራሊዎችን አሸነፈ። ከእነዚህ ድሎች መካከል በሌላ ኩባንያ መኪና የተገኘ አንድም የለም። ቤቱም በዚሁ ዘመን የመኪና ሠሪዎችን የዓለም ሻምፒዮና ዐሥር ጊዜ ወሰደ። አሌን ግን አንድ ጊዜ እንኳ የነጂዎች የዓለም ሻምፒዮን ሳይባል ከቤቱ ወጣ።

አሌን በ1951 በሄልሲንኪ ከተማ ተወለደ። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዓመት በመካከለኛው ፊንላንድ፣ በዩቫስኪላ ከተማ ዙሪያ፣ ኋላ የ1000 ሐይቆች ራሊ እየተባለ ስሙ የገነነው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። የዚያ አገር የገጠር መንገድ ጠባብ፣ ጠጠራማና ጉብታ የበዛበት ነው። ነጂው ከጉብታው ማዶ ያለውን ሳያይ ቤንዚን እንደ ረገጠ መዝለል አለበት፤ መኪናዋ አየር ላይ ሳለችም ለሚቀጥለው መታጠፊያ አፍንጫዋን አስተካክሎ ማውረድ ይጠበቅበታል። በክረምት ደግሞ ይኸው መንገድ በረዶ ይለብሳል። ፊንላንድ በሕዝቧ ቁጥር አነስተኛ ሆና ሳለች በራሊ ነጂዎቿ ታላላቆቹን አገሮች ያስቀናችበት ምሥጢር ከዚህ መንገድ ርቆ የሚፈለግ አይደለም።

ወጣቱ አሌን በ1969 በሬኖ 8 ጎርዲኒ መወዳደር ጀመረ፤ ቀጥሎም በቮልቮ 142 ነዳ። ከአገሩ ውጭ ስሙን ያሰማው በ1973 በብሪታንያው የአር ኤ ሲ ራሊ ነው። ገና በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ፎርድ ኤስኮርቱ ተገልብጣበት እጅግ ወደ ኋላ ቀረ፤ ይሁን እንጂ በጫካው መንገድ ላይ የጠፋውን ጊዜ ክፍል በክፍል እየለቀመ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በራሊ ነጂዎች የሚፎካከሩት ጎን ለጎን ሆነው አይደለም። እያንዳንዱ መኪና በየተራው ለብቻው ተነሥቶ፣ ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ መንገድ ላይ ከሰዓት ጋር ይታገላል፤ የየክፍሉ ጊዜ ተደምሮ አሸናፊው ይታወቃል። እንግዲህ አንድ ጊዜ የተገለበጠ ሰው ተቀናቃኙን በዓይኑ ሳያይ፣ በሐሳቡ ብቻ እያሳደደ ማለፍ ነበረበት። አሌን በዚያ ራሊ ያሳየው ባሕርይ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። ከአፉ የማትጠፋውና የእሱ መለያ ሆና የቀረችው አነጋገርም «ሙሉ ጥቃት» የምትል ነበረች።

በሚቀጥለው ዓመት ፊያት ወሰደው።

ፊያት ላንቺያን በ1969፣ አባርት የተባለውን የውድድር መኪና ሠሪ ደግሞ በ1971 ጠቅልሎ ይዞ ነበር። የፊያት የራሊ መኪኖች የሚሰናዱትም በቶሪኖ ከተማ፣ በኮርሶ ማርኬ ጎዳና በሚገኘው የአባርት ሠራተኞች እጅ ነው። ይህ ቤት ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን ታክሲ ሆና ያገለገለችው ሰይቼንቶ የዚሁ ኩባንያ ሥራ ናት። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ስለ ሆኑ፣ አንድ የአዲስ አበባ መካኒክ በዚያ ዘመን ኮርሶ ማርኬ ቢገባ ኖሮ ለሰላምታው እንጂ ለዕቃዎቹ ስም አስተርጓሚ ባላስፈለገው ነበር።

አሌን በ1974 በፖርቱጋል ራሊ ሦስተኛ ወጣ፤ ከፊቱ የነበሩት ሁለቱም እንደ እሱው ፊያት 124 አባርት የሚነዱ ነበሩ። በ1975 በዚያው በፖርቱጋል የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ድሉን አገኘ። በ1976 ደግሞ በአገሩ በ1000 ሐይቆች ራሊ ቀድሞ በመግባት አዲሲቱን ፊያት 131 አባርትን ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ራሊ አሸናፊ አደረጋት። ከጎኑ የሚቀመጠው፣ የመንገዱን ማስታወሻ እያነበበ ከፊት ያለውን መታጠፊያ የሚነግረው ረዳቱ ኢልካ ኪቪማኪ ነበር። ሁለቱ ረጅሙን የውድድር ዘመን አብረው አሳልፈዋል። የአሌን ስም በተነሣ ቁጥር የኪቪማኪም ስም አብሮ ሊነሣ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ነጂው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያምነው ድምፅ የእሱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቤቱ አስተሳሰብ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ላንቺያ ስትራቶስ ገና ከጽንሰቷ ለራሊ ተብላ የተሠራችና በ1974፣ በ1975 እንዲሁም በ1976 በተከታታይ የሠሪዎችን ሻምፒዮና ያስገኘች መኪና ነበረች። ሆኖም የቶሪኖ ሹማምንት ከ1977 ጀምሮ ወደ ፊት ያወጡት እሷን ሳይሆን 131ን ነው። ስትራቶስ ገና አላረጀችም ነበር፤ ነገሩ የገበያ ነገር ነው። ስትራቶስን ሊገዛ የሚችለው ሰው ጥቂት ሲሆን፣ 131 ግን ተራው ቤተሰብ የሚገዛት የዕለት ተዕለት መኪና ነበረች። ኩባንያ ወደ ራሊ የሚገባው መኪና ለመሸጥ ነው፤ ይህንንም ማንም ደብቆት አያውቅም። በ1977፣ በ1978ና በ1980 ዋንጫው በፊያት ስም ተመዘገበ።

ነገር ግን በሠሪዎች ሻምፒዮና ነጥብ የሚታሰበው ከአንድ ኩባንያ መኪኖች መካከል ቀድማ ለገባችው ብቻ ነበር። ስለዚህ ለቤቱ የሚበጀው ለየአገሩ መንገድ የሚስማማውን ሰው መርጦ መላክ ነው፤ ለኮርሲካ ተራራ አስፋልት አንዱን፣ ለስዊድን በረዶ ሌላውን። ለነጂው የሚበጀው ግን የተላከበትም ያልተላከበትም ቦታ ሁሉ ተገኝቶ ነጥብ መልቀም ነበር። የአሌንን 19 ድሎች ብንዘረዝር አምስቱ በፖርቱጋል፣ ስድስቱ በፊንላንድ የተገኙ ናቸው። ይህ የችሎታው ምስክር መሆኑ አይካድም፤ ቤቱ ሰውየውን በየት በኩል ሊጠቀምበት እንደሚሻ መመስከሩም እንደዚሁ አይካድም።

ዕድልም ቢሆን አልረዳውም። በ1978 አሌን ፖርቱጋልንና 1000 ሐይቆችን በፊያት፣ የጣሊያኑን ሳንሬሞን ደግሞ በስትራቶስ አሸንፎ በዓመቱ መጨረሻ ከነጂዎች ሁሉ የበላይ ሆነ። የተሸለመው ግን «የነጂዎች ዋንጫ» ነበር። የነጂዎች የዓለም ሻምፒዮና የተባለው ማዕረግ የተቋቋመው በሚቀጥለው ዓመት በ1979 ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ተብሎ የሚጠራው ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ ነው። አንድ ዓመት ብቻ! ስፖርቱ የመዝገቡን ርእስ ሲለውጥ የአሌን ስም በአሮጌው ገጽ ላይ ቀረ።

በ1980 ቤቱ የነጂነትን ማዕረግ አገኘ፤ የወሰደው ግን ጀርመናዊው ቫልተር ረርል ነበር። ረርል በ1982 ወደ ኦፔል ሄዶ ሁለተኛ ማዕረግ ጨመረ፤ በ1983 ወደ ላንቺያ ተመለሰ፤ በ1984 ደግሞ ኦውዲ ውስጥ ነበር። አንዱ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሌላው በአንድ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ መዞር ይሻላል ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ይሆናል። አሌን በቶሪኖ በመቆየቱ በየዘመኑ ከምርጦቹ መኪኖች አንዷ ከእጁ አልጠፋችም፤ ይህን ዕድል ደግሞ የዘመኑ ነጂዎች አብዛኞቹ አላገኙትም።

ከ1982 ጀምሮ የቤቱ የራሊ ስም ላንቺያ ሆነ። ቡድኑን የሚመራው ቼዛሬ ፊዮሪዮ ነበር፤ በ1960ዎቹ የላንቺያን የውድድር ቡድን ያቋቋመ፣ የውድድርን ደንብ እንደ ጠበቃ የሚያነብ፣ ብልኀተኛ ሰው። ኦውዲ ኃይሏን ለአራቱም ጎማ የምታካፍለውን ኳትሮን ይዞ በተነሣ ጊዜ፣ የላንቺያ 037 ኃይሏን ለኋላ ጎማዎቿ ብቻ የምትሰጥ መኪና ነበረች። ብዙ ሰው ኋላ ቀር ናት አላት። በ1983 ግን አሌን ኮርሲካንና ሳንሬሞን አሸነፈ፤ በሳንሬሞ ከሱ ቀጥለው የገቡት ረርልና አቲሊዮ ቤቴጋም ላንቺያ ነጂዎች ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ ላንቺያ 118፣ ኦውዲ 116 ነጥብ አግኝተው ዋንጫው ወደ ቶሪኖ ሄደ። ኃይሏን ለሁለት ጎማ ብቻ የምትሰጥ መኪና የሠሪዎችን ሻምፒዮና ስታገኝ ያ የመጨረሻው ጊዜ ነው። አሌን በነጂዎች ሠንጠረዥ ሦስተኛ ሆነ። በ1984 ኮርሲካን ደግሞ አሸነፈ፤ በሠንጠረዡም እንደገና ሦስተኛ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ዓመታት ከዋንጫ በላይ የሆነ ነገር አስከፈሉ። ሜይ 2 ቀን 1985 ቤቴጋ በኮርሲካ በ037 ሲነዳ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። በዓመቱ መጨረሻ ዴልታ ኤስ 4 የተባለችው አዲስ መኪና ወጣች። ሞተሯ ከነጂው ጀርባ የተቀመጠ፣ ኃይሏን ለአራቱም ጎማ የምትሰጥ፣ ኮምፕሬሰርንና ቱርቦን አንድ ላይ ያጣመረች፣ ከአንድ ቶን የማይበልጥ ክብደቷን ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚገፋት መኪና ነበረች። በመጀመሪያ ውድድሯ፣ በ1985 የአር ኤ ሲ ራሊ፣ ወጣቱ ፊንላንዳዊ ሄንሪ ቶይቮነን አንደኛ፣ አሌን ሁለተኛ ሆኑ። ቶይቮነን የ1986ቱን የሞንቴ ካርሎ ራሊም አሸነፈ። ቤቴጋ ከሞተ ልክ በዓመቱ፣ ሜይ 2 ቀን 1986፣ በዚያው በኮርሲካ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ከመንገድ ወጥተው ገደል ገቡ፤ መኪናዋም ወዲያው በእሳት ጋየች፤ ሁለቱም ሞቱ። የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን (ፊዛ) ፕሬዚዳንት ዣን ማሪ ባለስትርም ምድብ ቢ የሚባሉት እነዚህ መኪኖች ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ ከሻምፒዮናው እንዲወጡ ወሰነ።

በዚህ ሐዘን ውስጥ የላንቺያ ተስፋ በሠላሳ አምስት ዓመቱ አሌን ላይ ወደቀ። የ1986 ውጤቱን በዝርዝር መመልከት የታሪኩን ልብ መመልከት ነው። በስዊድን ሁለተኛ፤ በምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ፣ ያውም በአሮጌዋ 037፣ ሦስተኛ፤ በኒውዚላንድ ሁለተኛ፤ በአርጀንቲና ሁለተኛ፤ በአገሩ በ1000 ሐይቆች ሦስተኛ። ዓመቱን ሙሉ ከፊቱ አንድ ሰው አልጠፋም። ከዚያ ሳንሬሞ መጣ።

በሳንሬሞ የጣሊያን መርማሪዎች የፔዦ 205 ቱርቦ 16 መኪኖችን ግርጌ ተመልክተው፣ በሁለቱ ጎኖች ሥር የተገጠመው ክፈፍ ከመሬት ጋር ያለውን አየር ለመቆጣጠር የተሠራ፣ በደንብም የተከለከለ ቀሚስ ነው ሲሉ ፈረዱ። ፔዦዎች ይኸው ክፈፍ በሌሎች ራሊዎች ያለ ተቃውሞ እንዳለፈ ተናገሩ፤ የሰማቸው የለም። ራሊው ሳያልቅ ከውድድሩ ተሰረዙ። አሌን አንደኛ፣ የላንቺያ ጓደኞቹ ዳሪዮ ቼራቶና ሚኪ ቢያዚዮን ሁለተኛና ሦስተኛ ሆኑ። ፔዦ ይግባኝ አለ። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ሻምፒዮናው ቀጠለ፤ በአር ኤ ሲ ራሊ የፔዦው ቲሞ ሳሎነን ሲያሸንፍ አሌን ሁለተኛ፣ የማዕረግ ተቀናቃኙ የፔዦው ዩሃ ካንኩነን ሦስተኛ ገቡ።

የመጨረሻው ውድድር በዲሴምበር መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ የኦሊምፐስ ራሊ ነበር። አሌንና ካንኩነን ሁለቱ ብቻ የሚተያዩበት፣ የምድብ ቢ መኪኖችም የሚሰናበቱበት ራሊ ሆነ። አሌን አሸነፈ፤ ካንኩነን ሁለተኛ ወጣ። በዚያች ምሽት ሒሳቡ ግልጽ ነበር፤ አሌን 124፣ ካንኩነን 118። ከዐሥራ ሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ማርኩ አሌን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ማዕረጉን የያዘው ለ11 ቀናት ነው። ዲሴምበር 18 ቀን ፊዛ የፔዦ መኪኖች ያላግባብ እንደ ተሰረዙ ወሰነ። ችግሩ ግን ያልጨረሰን መኪና የት አድርገው ደረጃ ይስጡት? ስለዚህ የሳንሬሞ ራሊ ውጤት በሙሉ ከሻምፒዮናው እንዲወጣ ተደረገ። አሌን በሳንሬሞ ያገኛቸው 20 ነጥቦች ተቀንሰው 104 ቀሩለት፤ የካንኩነን 118 ግን አልተነካም። ማዕረጉ ወደ ካንኩነን ሄደ።

ይህን ፍርድ ዳኝነት ነው ለማለትም፣ በደል ነው ለማለትም ምክንያት አይታጣም። ፔዦዎች ተበድለው ነበርና መካሳቸው ተገቢ ነው። ካንኩነንም የሌላ ሰው ዕቃ የወሰደ ወጣት አይደለም፤ በዚያ ዓመት በስዊድን፣ በግሪክና በኒውዚላንድ አሸንፏል። ቢሆንም የመርማሪዎቹን ስሕተት ዋጋ የከፈለው፣ በስሕተቱ ውስጥ አንዳች እጅ ያልነበረው ነጂ መሆኑ ይከነክናል። በሠሪዎች ሠንጠረዥ በኩል ነገሩ ያን ያህል የሚለውጠው አልነበረም፤ የዓመቱ ዋንጫ የፔዦ ነው። የተወሰደው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር።

በ1987 ምድብ ኤ የተባለው ደንብ ተተካ፤ በዓመት 5000 ተመሳሳይ መኪኖች ያልሠራ ኩባንያ መወዳደር አይችልም ተባለ። አብዛኞቹ ኩባንያዎች በቂ መኪና አልነበራቸውም። ላንቺያ ግን ባለ አራት ጎማ ስበቷን ዴልታ ኤች ኤፍ አዘጋጅቶ ስለ ጠበቀ፣ ከ1987 እስከ 1992 ስድስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። ለቤቱ ወርቃማ ዘመን መጣ ማለት ነው። ለአሌን ግን ተቀናቃኞቹ ከጎረቤት መጥተው ከራሱ ማዕድ ተቀመጡ። ካንኩነን ከፔዦ ወደ ላንቺያ ተሻግሮ ነበር፤ ቢያዚዮንም ጣሊያናዊ ወጣት፣ የአገሩ ሕዝብ የሚጠብቀው ነበር። አሌን በዚያ ዓመት ፖርቱጋልን፣ የግሪኩን አክሮፖሊስና 1000 ሐይቆችን አሸነፈ። ሻምፒዮኑ ካንኩነን ሁለት ራሊ ብቻ ነው ያሸነፈው። ይሁንና በመጨረሻው ሒሳብ ካንኩነን 100፣ ቢያዚዮን 94፣ አሌን 88 ሆኑ፤ ሦስቱም በአንድ ቤት መኪና።

በ1988 ካንኩነን ወደ ቶዮታ ሄደ። አሌን የስዊድንን ራሊ አሸነፈ፤ 1000 ሐይቆችንም ለስድስተኛ ጊዜ አሸነፈ። በኖቬምበር ደግሞ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ስሙን ያሰማበትን፣ ብዙ ጊዜም ከደጃፉ የመለሰውን የአር ኤ ሲ ራሊ በመጨረሻ ድል አደረገ። በሠላሳ ሰባት ዓመቱ 19ኛውን ድል አገኘ ማለት ነው። ማዕረጉ ግን የቢያዚዮን ሆነ፤ አሌን ሁለተኛ።

መለያየቱ የመጣው በጠብ አይደለም፤ በሩ ቀስ በቀስ ተዘጋ ማለት ይቀላል። በ1989 ፊዮሪዮ የራሊውን ዓለም ትቶ የፌራሪን የፎርሙላ አንድ ቡድን ሊመራ ሄደ። አሌንን ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ ሲቆጣም ሲያቆላምጥም የነበረው ሰው ከቤቱ ወጣ። በላንቺያ የዚያ ዓመት ፕሮግራም የፊንላንዳዊው ድርሻ አነስ ብሎ ታየ፤ ድልም አላገኘም። ቢያዚዮን ለሁለተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ ፈረንሳዊው ዲዲየ ኦሪዮል በቡድኑ ቦታ ያዘ። ለ1990 ደግሞ ካንኩነን ከቶዮታ እንዲመለስ ተደረገ። ሦስት ዋና ነጂዎች ባሉበት ቤት ለአራተኛው፣ ያውም ወደ አርባ ለሚጠጋው፣ የሚተርፈው ወንበር ምን ዓይነት እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ቤቱን መውቀስ ይቻላል፤ ነገር ግን ቤቱ ቃሉን አጥፏል ለማለት መረጃ ያስፈልጋል። ለአሌን ያቀረበለት መኪና ነበር፤ መኪናም ሰጠው። ማዕረግ ግን የሚሰጠው ኩባንያ ሳይሆን የነጥብ ሠንጠረዥ ነው፤ ያም ሠንጠረዥ የሚሞላው በተላኩበት ራሊ ብቻ ነው። የነገሩ ምሬት ያለው እዚህ ላይ ይመስላል። አሌን በየዓመቱ የሚቀጥለው ዓመት የእርሱ እንደሚሆን ለማመን በቂ ምክንያት ነበረው፤ ቤቱም በየዓመቱ እርሱን ለማቆየት በቂ ምክንያት ነበረው። ሁለቱ ምክንያቶች ግን አንድ አልነበሩም። ዐሥራ ስድስት ዓመት እስኪያልፍ ድረስ ይህን የሚያስገልጥ አጋጣሚ የመጣው በ1986 አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም 11 ቀን ቆየ።

በ1990 አሌን በእንግሊዝ አገር በፕሮድራይቭ ድርጅት በኩል ወደ ሱባሩ ገባ። ከሻምፒዮን ቤት ወጥቶ፣ ገና አንድ የዓለም ሻምፒዮና ድል እንኳ ወደማያውቅ ቡድን መግባት ለወጣት ጀብዱ፣ ለአንጋፋ ግን ድካም ነው። ሌጋሲ የተባለችው መኪና ፈጣን ብትሆንም ገና ልጅ ነበረች፤ ሞተሯም ሆነ የማርሽ ሳጥኗ የሚማሩት ነገር ብዙ ነበር። አሌን ሁለት ዓመት አብሯት ደከመ። ሱባሩ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በ1993 በኒውዚላንድ ሲሆን፣ ነጂው ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ ነበር። ሌላው ሰው ያቀናውን እርሻ ወጣት አጨደው ማለት ባይቻልም፣ ከመጀመሪያዎቹ አራሾች አንዱ አሌን መሆኑ መነገር አለበት።

በ1992 ወደ ቶዮታ አለፈ። በ1993 የሳፋሪ ራሊ፣ ቶዮታ ሴሊካዎች ከአንደኛ እስከ አራተኛ በተከታታይ ሲገቡ፣ አሸናፊው ካንኩነን፣ ሁለተኛው አሌን ሆኑ። ከሰባት ዓመት በፊት በዲሴምበር የተለዋወጡት ሁለቱ ፊንላንዳውያን፣ በኬንያ አቧራ ውስጥ እንደገና በዚያው ቅደም ተከተል ተገኙ። ካንኩነን በዚያ ዓመት አራተኛ ማዕረጉን አገኘ፤ አራቱም ማዕረጎች በሦስት የተለያዩ ኩባንያዎች ስም የተገኙ ናቸው። በዚያው ዓመት በ1000 ሐይቆች ሱባሩ አዲሲቱን ኢምፕሬዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ አሌን ከነጂዎቿ አንዱ ነበር፤ ስድስት ጊዜ ባሸነፈበት በዚያ ራሊ ግን ውድድሩ እንደ ተጀመረ ተጋጭቶ ቀረ። የሙሉ ጊዜ የራሊ ኑሮው በዚሁ ዘመን አበቃ።

የላንቺያም ቤት ብዙ አልቆየም። በ1992 የወሰደው ስድስተኛ ተከታታይ ዋንጫ የመጨረሻው ሆነ።

አሌን በአንደኛነት የጨረሳቸው የራሊ ክፍሎች ቁጥር 801 ደርሶ ነበር፤ ይህም ለረጅም ዘመን ሳይደፈር ቆየ። በኋላ ቁጥሩን ያለፈው ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ ነው። ሎብም በአንድ ቤት፣ በሲትሮኤን፣ ከ2004 እስከ 2012 ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ በአንድ ደጃፍ መቆየት በራሱ ማዕረግ የሚነፍግ አይደለም። የሎብ ዘመን ቤት ግን አንድን ሰው መርጦ በሁሉም ራሊ የሚልክ ቤት ነበር፤ ኩባንያውም የሚሸጠው መኪናውን ብቻ ሳይሆን የነጂውን ስም ጭምር መሆኑን ተረድቶ ነበር። የቶሪኖ ሰዎች ይህን ያልተረዱት ሞኞች ስለ ነበሩ አይደለም፤ በእነሱ ዘመን መኪናው ብቻውን ይበቃ ነበር።

በ2001 አሌን በሃምሳ ዓመቱ አንድ ጊዜ ወደ ፊንላንድ ራሊ ተመለሰ፤ የነዳው ፎርድ ፎከስ ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2007፣ ልጁ አንቶን አሌን በሩሲያ የተካሄደውን የዓለም አቀፍ የራሊ ተከታታይ ውድድር አሸነፈ። አንቶን የነዳት መኪና ግራንዴ ፑንቶ ትባላለች፤ በጎኗ የተጻፈውም የፊያትና የአባርት ስም ነበር።